ከብዕር እስከ ማተሚያ፦ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምና የኢትዮጵያ ፊደል ትምህርት ለውጭ አገር ተማሪዎች

መግቢያ

የራሱ ፊደል ያለውን ቋንቋ ለውጭ አገር ሰው የሚያስተምር መምህር ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንሥቶ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ተማሪው ፊደሉን በእጁ እየጻፈ ይማር ወይስ በመሣሪያ የተቀረጸውን ለይቶ ማንበብና መልቀም ይበቃዋል? በዘመናችን ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚሰማው ቻይንኛ ለባዕዳን በሚያስተምሩ መምህራን ዘንድ ነው። የዚያ ቋንቋ ምልክቶች በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ የእጅ ጽሕፈት ለተማሪው ከባድ ሸክም፣ የኮምፒዩተር ቁልፍ ደግሞ ፈጣን መሻገሪያ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከኮምፒዩተር የቀደመ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ከብራና ወደ ማተሚያ በተሸጋገረበት ዘመንም ተነሥቶ ነበር።

ያንን ሽግግር በሕይወታቸው ካለፉበት ኢትዮጵያውያን መካከል አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም አንዱ ናቸው። በበጌምድር ተወለዱ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ማተሚያ ባለበት ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ፤ በርሊን ላይ ግእዝና አማርኛ ለጀርመናውያን አስተማሩ፤ የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ ጻፉ። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ዋና ዋና ምዕራፎች እየተከተለ፣ የእጅ ጽሕፈትና የኅትመት ፊደል በአንድ መምህር ዕድሜ ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ ይመረምራል። ከዚያም የሕይወት ታሪካቸው ፊደልን ለባዕድ በማስተማር ረገድ ምን እንደሚያመለክት ያሳያል። እ.ኤ.አ. ያልተባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የትውልድ ምድርና የቤተ ክህነቱ ፊደል

አለቃ ታዬ እ.ኤ.አ. በ1861 ገደማ በበጌምድር፣ ቃሮዳ በተባለው ቀበሌ ተወለዱ። አገሩ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው ክፍል ይገኛል። በተወለዱበት ዘመን በጌምድር የመንግሥቱ እምብርት ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው ነበርና፣ ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍና ልዩ ልዩ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የተቀለጠውም በዚያው ነው። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሚስዮናውያን ስለነበሩ ከመዶሻውና ከወናፉ ጋር በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስም ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ በደብረ ታቦር ዙሪያ የኖረ ሰው ታትሞ የመጣን የአማርኛ መጽሐፍ የማየት ዕድል ከብዙው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ አግኝቷል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1867 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲያመሩ ታዬ ገና ሕፃን ነበሩ።

ይሁን እንጂ የአካባቢው እውነተኛ የትምህርት ገበታ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ነበረ። ደቡብ ጎንደር በዚህ ረገድ የታወቀ ምድር ነው። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ በጋይንት ይገኛሉ፤ ደብረ ታቦርም በአቋቋም ስልቷ ትታወቃለች። ወደነዚህ ከፍተኛ ጉባኤያት የሚወስደው መንገድ ግን ለሁሉም የሚጀምረው ከሀሁ ነው።

የዚህ የፊደል ትምህርት አካሄድ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ተማሪው ገበታውን ይዞ፣ በስንጥር ፊደሉን እየጠቆመ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ በዜማ ይቆጥራል። በቃሉ ብቻ እንዳይወጣው ደግሞ አቡጊዳ ይሰጠዋል። ፊደሉ ከተለመደው ተራ ወጥቶ ስለሚመጣበት ዐይኑ ቅርጹን በእውነት ለይቶ እንደሆነ በዚያ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ የዮሐንስን መልእክት በፊደል ቆጠራ፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያሳለፈ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ሰው አንባቢ ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት ብዕር አይነሣም። ጽሕፈት የተለየ ሙያ ነበር፤ ቁም ጸሐፊ ለመሆን የፈለገ ብቻ ብራና መፋቅን፣ በወስፌ ማስመርን፣ የመቃ ብዕር መቅረጽን፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም መበጥበጥን ከባለሙያ ተጠግቶ ይማር ነበር። ስለዚህ አጣርቶ እያነበበ ስሙን እንኳ ለመጻፍ የሚቸገር ሊቅ መገኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ከማንም ቀድሞ በሥራ አሳይቷል። ዐይንን በአቡጊዳ፣ ጆሮን በዜማ፣ እጅን ደግሞ በሌላ ጊዜና በሌላ መምህር ያስተምር ነበር።

ምንኩሉ፦ ማተሚያ ያለበት ትምህርት ቤት

ታዬ በወጣትነታቸው ከበጌምድር ወጥተው ወደ ምጽዋ ወረዱ። በምጽዋ አጠገብ ባለችው ምንኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበርና በዚያ ገቡ። በኋላም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው የቤተ ክህነቱን ትምህርት፣ በተለይም ቅኔን ተከታተሉ። ከዚያ ደግሞ በሚስዮኑ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው አገለገሉ። በዚህ ምክንያት የሁለት ትምህርት ቤቶች ልጅ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ቃልንና ዜማን፣ ሌላው ወረቀትንና ማተሚያን ያስቀደመ ነበር።

የምንኩሉ ማተሚያ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የኅትመት ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙባቸው የኦሮምኛ ሥራዎች በኢትዮጵያ ፊደል የታተሙት ከዚህ ማኅበር ነው፤ የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ከምንኩሉ ወጣ። ማተሚያ ያለበት ትምህርት ቤት ተማሪ ፊደልን የሚያይበት መንገድ ከብራና ቤት ተማሪ ይለያል። በብራና ላይ ያለ ፊደል የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ጸሐፊው ሲደክም ይታያል፤ ሲቸኩልም ይታወቃል። በማተሚያ ቤት ግን ፊደል ከእርሳስ የተቀረጸ ቁራጭ ነው፤ ከሳጥን ተለቅሞ ይደረደራል፤ ከታተመ በኋላ ፈርሶ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን ሆሄ በየሳጥኑ ለይቶ ማወቅ አለበት እንጂ ቅርጹን ራሱ መሥራት አይጠበቅበትም። ይህ ሥራ ዛሬ በኮምፒዩተር ቁልፍ ከሚደረገው ጋር ጠባዩ አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚጠይቁት መለየትን ነው፣ መቅረጽን አይደለም።

የዚህ የኅትመት ፊደል መነሻ ራሱ በባዕድ አገር ነበረ። በኢትዮጵያ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም በዮሐንስ ፖትከን የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ለጀርመናዊው ሊቅ ለኢዮብ ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ አስተማሩ፤ ከዚህ ግንኙነት የተገኘው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ታተመ። ኢትዮጵያዊ መምህር አውሮፓዊን ፊደል ሲያስተምር አለቃ ታዬ የመጀመሪያው አይደሉም። በአባ ጎርጎርዮስ ጊዜ ግን መጽሐፉን የጻፈውና ስሙን ያኖረበት ተማሪው ነበረ። በአለቃ ታዬ ጊዜ መምህሩ ራሳቸው መጽሐፍ አሳትመው ነበር።

መጽሐፈ ሰዋስው

ይህ መጽሐፍ በ1889 ዓ.ም. በምንኩሉ የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ነው። በኢትዮጵያዊ ሊቅ ስለ አማርኛ በአማርኛ ተጽፈው ከታተሙ ቀደምት የሰዋስው መጻሕፍት ይቆጠራል። ከእርሱ በፊት ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ፕሪቶሪዩስም እ.ኤ.አ. በ1879 የአማርኛ ሰዋስው ለአውሮፓውያን አሳትመዋል። እነዚያ ግን ቋንቋውን ከውጭ ሆነው የሚያዩ፣ በባዕድ ቋንቋ የሚያስረዱ ነበሩ።

ሰዋስው የሚለው ስያሜ ራሱ ከጥንቱ የግእዝ ትምህርት የመጣ ነው። በዚያ ትውፊት ሰዋስው በጉባኤ የሚቀጸል፣ በእጅ በተጻፈ ጥራዝ የሚቀመጥ ነበር። ያ ዕውቀት ወደ ማተሚያ ሲገባ አንድ ነገር ይለወጣል። በእጅ የተጻፈ ሰዋስው እንደ ጸሐፊው አካባቢ የአጻጻፍ ልማዱ ይለያያል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። የታተመ ሰዋስው ግን አንድ ገጽ በብዙ ቅጂ ስለሚያባዛ፣ የመረጠውን አጻጻፍ ለሁሉም አንባቢ በአንድ ጊዜ ያቀርባል። ስለዚህ ማተሚያው ከፍጥነት በላይ አንድ ወጥነትን ያመጣል፤ ለባዕድ ተማሪም የመጀመሪያ አስተማማኝ መሬት የሚሆነው ይህ ወጥነት ነው።

የበርሊን ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1905 በፍሪድሪክ ሮዘን የሚመራ የጀርመን መልእክተኞች ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት አለቃ ታዬ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ወደ በርሊን ተላኩ፤ በዚያም ለተወሰኑ ዓመታት ግእዝና አማርኛ አስተማሩ። ያስተማሩበት የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ሴሚናር እ.ኤ.አ. በ1887 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው ለጀርመን የውጭ ጉዳይ አገልግሎት አስተርጓሚዎችንና ባለሥልጣናትን ማሠልጠን ነበር። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ዐረብኛ፣ ቱርክኛና ስዋሂሊ በአንድ ጣራ ሥር ይሰጡ ነበር። በየቋንቋው ከጀርመናዊ ምሁር ጎን የቋንቋው ተወላጅ መምህር መመደብ የተቋሙ አሠራር ነበር። በዚህ ምክንያት የበጌምድሩ ሊቅ አማርኛን ያስተማሩበት ተቋም ቻይንኛም ለባዕዳን የሚሰጥበት ተቋም ነበር። ፊደላቸው ከላቲን የተለየ ቋንቋዎች መምህራን ሁሉ ያለባቸው ችግር በዚያ ጎን ለጎን ቆሞ ነበር።

የዚህ ሴሚናር ተማሪ በአማርኛ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይጠብቀው ነበር። አንደኛው የታተመው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሰዋስው መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት። በእነዚህ ውስጥ ፊደሉ ሁልጊዜ አንድ መልክ ይዞ ይቆማል። ሁለተኛው የእጅ ጽሑፍ ነው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የመንግሥት ደብዳቤ፣ የንግድ ውል፣ የመሬት ጉዳይ፣ የወዳጅ መልእክት በሙሉ በእጅ ይጻፍ ነበር። የብራናው ቁም ጽሕፈት ለባዕድ ዐይን ግልጽ ነው፤ የደብዳቤው እጅ ግን ፈጣንና ቀጠን ያለ፣ ሆሄያቱን የሚያቀራርብ ነው። የታተመን ገጽ ብቻ የለመደ አስተርጓሚ በማኅተም የታተመ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ የሚያውቃቸው ፊደላት እንግዳ ይሆኑበታል። ለእንዲህ ያለ ተማሪ የእጅ ጽሕፈት ልምምድ ጌጥ አልነበረም፤ የሥራው መሣሪያ ነበር።

የፊደሉ ጠባይም ይህንኑ ያጠናክራል። 33 ሆሄያት በ7 ረድፍ 231 ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ250 ያልፋል። ይህ በላቲን 26 ፊደል ላደገ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ቅርጾቹ ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም። ካዕብ በወገቡ ቅጥያ ያወጣል፤ ሣልስ ከእግሩ ይቀጥላል፤ ራብዕ አንዱን እግር ከሌላው ያስረዝማል፤ ኃምስ ከእግሩ ቀለበት ያበጃል። ሳድስና ሳብዕ ግን ሥርዓታቸው ይለዋወጣል። ይህን ሥርዓት ዐይን ብቻውን በዝግታ ይደርስበታል፤ እጅ ሲጽፈው ግን ቶሎ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሁሉንም ረድፍ ከአንድ ግንድ እየቀጠለ ያበጀዋል። ደ ከ ጀ፣ ነ ከ ኘ፣ ሰ ከ ሸ የሚለዩት በላያቸው በሚጨመር ምልክት መሆኑን በእጁ የጻፈ ተማሪ አይረሳውም።

ሆኖም እጅም ዐይንም የማይደርሱበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። አለ የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይኖራል ማለት ነው፤ ገና ላልቶ ያልተፈጸመን ጊዜ፣ ጠብቆ የልደትን በዓል ያመለክታል። ይህ በየትኛውም ማተሚያ አይታይም፤ ባማረ የእጅ ጽሕፈትም አይገኝም። የሚገኘው ከመምህር አንደበት ብቻ ነው። በርሊን ውስጥ የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት አልጠፉም ነበር፤ የጎደለው ድምፅ ነበር፤ ተወላጅ መምህር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የሴሚናሩ ምሁር ኦይገን ሚትቮህ ይህን ጥቅም በሚገባ ተረድቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 በሴሚናሩ መጽሔት ያሳተመው የአማርኛ ሥነ ቃል ናሙና ከአለቃ ታዬ የተገኘ ነው። በዚህ ሥራ የቃል ዕውቀት ከበጌምድር ሰው አንደበት ወጥቶ፣ በእጅ ተጽፎ፣ በመጨረሻ በጀርመን ማተሚያ ገጽ ላይ ዐረፈ። አንደበት፣ ብዕርና ማተሚያ ተራቸውን ጠብቀው የተሰለፉበት ሥራ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሥራው አይኖርም ነበር።

የጣና ዳር ሁለት መምህራን

በዚያው ዘመን ሌላ የጣና አካባቢ ተወላጅ በአውሮፓ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ የምሥራቃውያን ተቋም በማስተማር ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን ልብ ወለድ ታሪክን በሮም አሳተሙ።

ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። አፈወርቅ ለባዕድ ተማሪ በባዕድ ቋንቋ ሰዋስው አዘጋጁ፤ ማተሚያውም በአውሮፓ ከተማ ነበረላቸው። አለቃ ታዬ ግን ወደ በርሊን ከመሄዳቸው በፊት ሰዋስዋቸውን ለአገራቸው አንባቢ በአማርኛ አሳትመው ነበር፤ ከተመለሱ በኋላም የጻፉት ለአገራቸው ሰው ነው። አንዱ ቋንቋውን ወደ ውጭ የሚወስድ ድልድይ ሠሩ፤ ሌላው በውጭ ያገለገሉበትን ዕውቀት ወደ ቤት መለሱ። ባዕድን ማስተማር መምህሩን ራሱን እንደሚያስተምር የአለቃ ታዬ ቀጣይ ሥራ ያመለክታል። የገዛ ቋንቋውን ምንም ለማያውቅ ሰው ያስረዳ መምህር፣ የለመደውን ነገር እንደ አዲስ ማየት ይገደዳልና።

መመለስ፣ ክስና እስር

አለቃ ታዬ ወደ አገራቸው የተመለሱት በክብር ቢሆንም፣ ዕረፍት አላገኙም። ከሚስዮን ትምህርት ቤት በመውጣታቸውና በሃይማኖት አመለካከታቸው ምክንያት ከበርሊን ጉዞ በፊትም ክስ ደርሶባቸው ነበር፤ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ከካህናት ጋር በተነሣ ክርክር ተከሰው ታሰሩ። በኋላ ቢፈቱም ነገሩ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ጥላውን አላነሣም።

ይህ ክርክር የዶግማ ነው፤ ከፊደል ትምህርት ጋር ግን አንድ መገናኛ አለው። በዚያ ዘመን ኅትመትና ብራና ሁለት የጽሕፈት ስልቶች ብቻ ሆነው አይታዩም ነበር። የብራና መጽሐፍ ጸሐፊው ይታወቃል፤ ደብሩ ይታወቃል፤ ማን እንዳጻፈው በመጽሐፉ ላይ ይሰፍራል። ከባሕር ማዶ ወይም ከሚስዮን ማተሚያ የመጣ መጽሐፍ ግን አባት የሌለው ይመስል ነበር። አንባቢው ስለ ይዘቱ ከመጠየቁ በፊት ከማን እጅ እንደ ወጣ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ የታተመ መጽሐፍ ይዞ የሚያስተምር ሰው ለሚያስተምረው ብቻ ሳይሆን ለወረቀቱም መልስ መስጠት ነበረበት። አለቃ ታዬ ቅኔ የተማሩ፣ የግእዝ ምንጮችን የሚጠቅሱ ሊቅ ነበሩ፤ ይህ የአገር ቤት ዕውቀት ባይኖራቸው ኖሮ፣ የኅትመቱ ሥራቸው እንደ ባዕድ ዕቃ በቀላሉ ተገፍቶ በቀረ ነበር።

የታተመውና ያልታተመው

ዐፄ ምኒልክ አለቃ ታዬ የኢትዮጵያን ታሪክ እንዲጽፉ አዝዘዋቸው ነበር። ሊቁ ብዙ ዓመት ደክመው ሰፊ ሥራ አዘጋጁ። ከዚህ ውስጥ በሕይወታቸው ሳሉ የታተመው የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው ክፍል ነው፤ በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት ወጣ። መጽሐፉ ስለ አገሪቱ ልዩ ልዩ ሕዝቦች አመጣጥ የሚተርክ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በግሮቨር ሃድሰንና በተከስተ ነጋሽ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በኡፕሳላ ታትሟል። ታሪካዊ ድምዳሜዎቹን የኋላ ተመራማሪዎች በብዙ ነጥብ ሲተቹት ኖረዋል። መተቸቱ ግን በራሱ የመነበቡ ምስክር ነው። የሚተች መጽሐፍ በአንባቢ እጅ ያለ መጽሐፍ ነው።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው እጅግ ሰፊው ክፍል ግን በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ቀረ። አለቃ ታዬ እ.ኤ.አ. በ1924 ሲያርፉ፣ ከታተመችው ክፍል በቀር ያዘጋጁት ታሪክ በማተሚያ አልፎ ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። የብዕርና የማተሚያ ሚዛን የአስተማሪነት ስልት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ሰው በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም የጻፋቸው ሁለት ክፍሎች ዕጣቸው ተለያየ። አንደኛው በየትምህርት ቤቱ ተነበበ፣ ተተረጐመ፣ ተተቸ፤ ሌላው ባለቤቱን ብቻ እያወቀ ኖረ። ብዕር ያፈራውን ማተሚያ ካልተቀበለው፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢበስል ከአንድ ሣጥን አይወጣም።

ለዛሬው የፊደል ትምህርት

ከአለቃ ታዬ ሞት በኋላ ኅትመትን የሚተካ ሌላ መሣሪያ መጣ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስም ከኢንጂነር አያና ብሩ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ቁልፎቹ ጥቂት፣ ቅርጾቹ ከ200 በላይ በመሆናቸው፣ ሆሄው ከቅጥያው ጋር ተገጣጥሞ እንዲታተም ማድረግ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ብዙዎች የሚጽፉትም በላቲን ፊደል ድምፁን እየነኩ ነው።

ይህ አሠራር በቻይንኛ ከሚደረገው ጋር ይመሳሰላል። ቻይንኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው ባብዛኛው ፒንዪን በተባለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ድምፁን በማስገባትና ከሚቀርቡት ተመሳሳይ ድምፅ ካላቸው ምልክቶች አንዱን በመምረጥ ነው። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የተለመዱ ምልክቶች ዝርዝር 3,500 ምልክቶችን ይዟል። ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ለባዕድ ተማሪ የዓመታት ሥራ ነው። በቁልፍ የሚጽፍ ተማሪ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ መልእክት መለዋወጥ ይችላል። ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው፤ በማያ ገጽ ላይ ሲያየው የሚያውቀውን ምልክት፣ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው አይጽፈውም። ቻይናውያን ራሳቸውም ብዕር አንሥተው ምልክቱ የሚጠፋባቸው ጊዜ አለ። ፈተናውም ይህን ሁለትነት ተቀብሎታል፤ የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛው በወረቀትም በኮምፒዩተርም ይሰጣል።

በአማርኛ ጉዳዩ ቀለል ይላል፤ ነገር ግን አይጠፋም። ድምፅን እየነካ የሚጽፍ የባዕድ ተማሪ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ስለሆኑበት የቱን እንደሚመርጥ አያውቅም፤ መሣሪያው የሰጠውን ይቀበላል። ሠረቀ እና ሰረቀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ፣ አንዱ የፀሐይ መውጣት ሌላው የሌባ ሥራ መሆኑን የሚያውቀው፣ ቃሉን ከነፊደሉ በእጁ ያሳደረ ሰው ነው። ስለዚህ በቁልፍ የሚገኘው ፍጥነት እውነተኛ ጥቅም ቢሆንም፣ ምርጫ ለሚጠይቀው ነገር ተማሪውን አያዘጋጀውም።

ከአለቃ ታዬ የሕይወት ታሪክ ለዚህ ሦስት መመሪያ ሊወጣ ይችላል። አንደኛ፣ ማወቅና መቅረጽ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ሳይጽፍ አንባቢ ሆኗል፤ የባዕድ ተማሪም ያወቀውን ሁሉ በእጁ እስኪጽፍ ንባብ ሊከለከል አይገባም። ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሕፈት መሠረት ለሆነው ክፍል መዋል አለበት። ለአማርኛ ይህ 33ቱ ሆሄያት ከነረድፋቸው ነው፤ ለቻይንኛ ደግሞ ደጋግመው የሚመጡት መነሻ ክፍሎችና ጥቂት መቶ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። የቀረው በማየትና በቁልፍ ሊታከል ይችላል። ሦስተኛ፣ ከእጅም ከቁልፍም በፊት የመምህር ድምፅ ይቀድማል። ማጥበቅና ማላላትን ያልሰማ የአማርኛ ተማሪ፣ የድምፅ ከፍታና ዝቅታን ያልሰማ የቻይንኛ ተማሪ፣ ባማረ እጅ ቢጽፍም በፍጥነት ቢተይብም የሚጽፈውን ቋንቋ አያውቀውም።

ማጠቃለያ

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በብዕርና በማተሚያ መካከል የተገኙ ሊቅ ነበሩ፤ አንዱን ለሌላው ሲሉ አልተዉም። ከበጌምድር የፊደል ቤት የዐይንንና የጆሮን ትምህርት፣ ከምንኩሉ የኅትመትን ጥቅም፣ ከበርሊን ባዕድን የማስተማርን ትዕግሥት ወስደዋል። ሰዋስዋቸውና ታሪካቸው በመታተማቸው እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ ያልታተመው ሥራቸው ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያጋጥመው ያስጠነቅቃል።

በደቡብ ጎንደር ደብሮችና ገዳማት ዛሬም ብዙ የብራና ጽሑፍ አለ፤ በየመንደሩም ቁም ጽሕፈት የሚያውቁ ጥቂት አረጋውያን ይገኛሉ። የአካባቢው ተመራማሪዎችና መምህራን ሁለት ሥራ ከፊታቸው ነው። አንዱ በእጅ ያለውን ወደ ኅትመትና ወደ ኮምፒዩተር ማሻገር ነው፤ ሌላው በኮምፒዩተር ያደገውን ትውልድና የውጭ አገር ተማሪ የእጁን ጽሕፈት እንዲያነብና እንዲጽፍ ማስቻል ነው። የመጀመሪያው ቢቀር ጽሑፉ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ቢቀር ጽሑፉ ይኖራል፣ የሚያነበው ግን አይኖርም።